ያገለገለ ግራፊክስ ካርድና የድራይቨር ችግር

ኮምፒዩተር በስክሪኑ ላይ የሚያሳየን ፊደልም ሆነ ሥዕል እጅግ ጥቃቅን ከሆኑ የብርሃን ነጥቦች የተገነባ ነው። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ስክሪን ሁለት ሚሊዮን ያህል እንዲህ ያሉ ነጥቦች አሉት፤ የእያንዳንዱም ነጥብ ቀለም በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ስድሳ ጊዜ ያህል ይታደሳል። ይህን ከባድ ሥራ ከዋናው ፕሮሰሰር ተቀብሎ የሚያከናውነው ክፍል ግራፊክስ ካርድ ይባላል። ካርዱ የራሱ ፕሮሰሰር፣ የራሱ ሜሞሪና የራሱ ማቀዝቀዣ ስላለው፣ በኮምፒዩተር ውስጥ የተቀመጠ ሌላ ትንሽ ኮምፒዩተር ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ይሁን እንጂ ካርዱና ኮምፒዩተሩን የሚያስተዳድረው ሥርዓት፣ ለምሳሌ ዊንዶውስ፣ በቀጥታ አይግባቡም። ዊንዶውስ «ይህን መስመር ሣል፤ ያንን ምስል አንቀሳቅስ» ብሎ የሚያዘው ለማንኛውም ካርድ በሚሆን አጠቃላይ ቋንቋ ነው፤ እያንዳንዱ ካርድ ግን የሚሰማው የራሱን ቋንቋ ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ቆሞ የሚያግባባቸው ፕሮግራም ድራይቨር ይባላል። ቃሉ ከእንግሊዝኛ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙ «ነጂ» ማለት ነው። ሥራው ሲታይ ግን ከነጂ ይልቅ ለአስተርጓሚ ይቀርባል። ሁለት ሰዎች በአስተርጓሚ ሲነጋገሩ አለመግባባት ቢፈጠር በቅድሚያ የሚወቀሰው አስተርጓሚው እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ጥፋቱ ግን የእሱ ላይሆን ይችላል። በድራይቨርም ላይ የሚደርሰው ይኸው ነው፤ በተለይ ካርዱ በሌላ ሰው እጅ ሲሠራበት የቆየ እንደ ሆነ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ተማሪ የሕንፃ ንድፍ በኮምፒዩተር መሣል ለመለማመድ ፈልጎ፣ ለብዙ ወራት ባጠራቀመው ገንዘብ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ገዛ እንበል። በካርዱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ጂፎርስ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ 4 ጊጋባይት» ይላል። ሻጩም «እስከ ሦስት ቀን ድረስ ጉድለት ካገኘህበት አምጣው፤ ገንዘብህን እመልስልሃለሁ» ብሎታል። ተማሪው ካርዱን ገጥሞ ኮምፒዩተሩን ሲያስነሣ ሥዕል ታየው፤ ነገር ግን ፊደሎቹ ከመጠን በላይ የገዘፉ፣ መስኮቶቹም ሲጎተቱ የሚንቀራፈፉ ነበሩ። ድራይቨሩን ከአምራቹ ኩባንያ ድረ ገጽ አውርዶ ጫነ። ስክሪኑ ለአፍታ ጠቆረና ተመለሰ፤ ነገሩ ግን እንደ ነበረ ቀረ። «ዲቫይስ ማኔጀር» በሚባለው የመሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ በካርዱ ስም ላይ ቢጫ ሦስት ማእዘን ተቀምጧል፤ ሲከፈትም «ኮድ 43» የሚል መልእክት ይነበባል። ተማሪው ድራይቨሩን አራግፎ እንደ ገና አውርዶ ጫነ። ለሦስተኛ ጊዜም ሞከረ። የሚወርደው ፋይል በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ስለሆነ የገዛው የኢንተርኔት ጥቅል አለቀ፤ ከሦስቱ ቀናትም ሁለቱ አለፉ።

የተማሪው ስሕተት ሰነፍ መሆኑ አይደለም፤ እንዲያውም ደክሟል። የተሳሳተው መልእክቱን እንደ ፍርድ አድርጎ በመውሰዱ ነው። ኮድ 43 ማለት «መሣሪያው ችግር እንዳለበት ስላስታወቀ ዊንዶውስ ሥራውን አስቁሞታል» ማለት ነው። መልእክቱ ችግር መኖሩን ይነግረናል እንጂ ችግሩ ከምን እንደ መጣ አይነግረንም። ሌሎች ቁጥሮች ከዚህ ይልቅ ግልጽ ናቸው። ኮድ 28 ለመሣሪያው ድራይቨር ጨርሶ አለመጫኑን፣ ኮድ 52 ደግሞ የተጫነው ድራይቨር ዲጂታል ፊርማ ሊረጋገጥ አለመቻሉን ያመለክታል። እነዚህ ሁለቱ በእርግጥ የድራይቨር ጉዳዮች ናቸው። ኮድ 43 ግን ከድራይቨር፣ ከኤሌክትሪክ፣ ከካርዱ ሜሞሪ ወይም ከአንድ ሰው ተንኰል ሊመነጭ ይችላል። ስለዚህም ቁጥሩን በማስታወሻ ላይ ጽፎ ምርመራውን ከሌላ ቦታ መጀመር ያስፈልጋል።

በቅድሚያ የሚጠየቀው ጥያቄ «ችግሩ የሚታየው መቼ ነው?» የሚለው ነው። ኮምፒዩተር ሲበራ የአምራቹ ምልክት በስክሪኑ ላይ ብቅ የሚልበት አጭር ጊዜ አለ። በዚያን ጊዜ ዊንዶውስ ገና አልተነሣም፤ ድራይቨሩም ሥራ አልጀመረም። ሥዕሉን የሚያወጣው ካርዱ በራሱ ላይ በተቀረጸው ባዮስ በሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው። እንግዲህ ባለ ቀለም ነጠብጣቦች፣ የተቆራረጡ መስመሮች ወይም እንደ ሰሌን የተሸመኑ አራት ማእዘኖች በዚያች ሰዓት ከታዩ ድራይቨሩ በቦታው ስላልነበረ ሊከሰስ አይችልም። አብዛኛውን ጊዜ የታመመው የካርዱ ሜሞሪ ወይም ዋናው ቺፕ ነው፤ ስለዚህ ድራይቨር መቀያየሩ ጊዜ ማባከን ይሆናል።

ሥዕሉ በመጀመሪያ ንጹሕ ሆኖ የሚበላሸው ድራይቨሩ ከተጫነ በኋላ ከሆነ ግን ነገሩ ወደ ሁለት ይከፈላል። ዊንዶውስ ትክክለኛው ድራይቨር በማይኖርበት ጊዜ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» በሚባል የመጠባበቂያ ድራይቨር ይሠራል። ይህ ድራይቨር ከሞላ ጎደል ሁሉም ካርዶች የሚያውቋቸውን ጥቂት ቃላት ብቻ ይናገራል፤ ካርዱንም እምብዛም አያሠራውም። ከዚህ የተነሣ ግማሽ አካሉ የተጎዳ ካርድ እንኳ በዚህ ሁኔታ ጤነኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። እግሩ የተሰበረ ሰው ተቀምጦ ሳለ ጤነኛ እንደሚመስል ማለት ነው። እውነተኛው ድራይቨር መጥቶ «ተነሥ፤ ሥራ» ሲለው ስብራቱ ይገለጻል። «ድራይቨሩን ከመጫኔ በፊት ደኅና ነበረ፤ ድራይቨሩ አበላሸው» የሚለው አቤቱታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ካርዱ ፈጽሞ ሥዕል ካልሰጠ ደግሞ ድራይቨርን ከማሰብ በፊት ቀላሉን ነገር ማየት ይበጃል። የሞኒተሩ ገመድ የተሰካው በካርዱ ላይ ነው ወይስ በማዘርቦርዱ ላይ? ይህ ጥያቄ የሚያስቅ ቢመስልም የሚያሳፍር አይደለም፤ ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ሳይቀሩ ይሳሳቱበታል። ካርዱስ በማስገቢያው ውስጥ እስከ መጨረሻው ገብቷል? የኤሌክትሪክ ጉዳይም አለ። ካርዱ ከሚሰካበት ማስገቢያ የሚያገኘው ኃይል ቢበዛ 75 ዋት ነው። ከዚህ በላይ የሚፈልግ ካርድ በጀርባው ወይም በጎኑ ተጨማሪ ሶኬት ይኖረዋል፤ ባለ ስድስት ፒኑ ሌላ 75 ዋት፣ ባለ ስምንት ፒኑ ደግሞ 150 ዋት እንዲያቀብል የተወሰነ ነው። ሶኬቱ ባዶውን ከተተወ፣ ወይም ፓወር ሰፕላዩ አሮጌና ደካማ ከሆነ፣ ካርዱ ቀላል ሥራ እየሠራ ይቆይና ከባድ ሥራ ሲታዘዝ ይዘጋል። በስክሪኑ ላይ የሚወጣው መልእክትም «ድራይቨሩ ምላሽ መስጠት አቁሟል» የሚል ይሆናል። መልእክቱ አልዋሸም፤ መናገር ያቆመው ግን ጉልበት ያጣው ካርድ ነው።

ገመዱም፣ ኃይሉም፣ አገጣጠሙም ትክክል ሆኖ ከተገኘ በኋላ ያገለገለ ዕቃ የገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ይኸውም «ይህ ካርድ በእርግጥ ማን ነው?» የሚለው ነው። ተለጣፊ ወረቀት ማንም ሊያሳትመው ይችላል። ካርዱ ራሱ ግን ለኮምፒዩተሩ የሚያስታውቀው መለያ ቁጥር አለው። በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የካርዱን ስም ከፍቶ «ሃርድዌር አይዲ» የሚለውን መስመር የሚያነብ ሰው ሁለት ባለ አራት ምልክት መለያዎችን ያገኛል። የመጀመሪያው የቺፑን አምራች፣ ሁለተኛው የካርዱን ዐይነት ያመለክታል። 1002 የኤኤምዲ፣ 10ዲኢ የኤንቪዲያ፣ 8086 ደግሞ የኢንቴል መለያ ነው። የኢንቴሉ ቁጥር ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1978 ላወጣው ዝነኛ ፕሮሰሰር መጠሪያ ከሆነው ቁጥር ጋር አንድ ነው። ድራይቨር የሚፈለገው በወረቀቱ ላይ ባለው ስም ሳይሆን በዚህ መለያ ነው።

የሚያሳዝነው ይህ መለያ ራሱ ሊታበል መቻሉ ነው። መለያውን ለኮምፒዩተሩ በማሳወቅ ረገድ የካርዱ ባዮስ ድርሻ ስላለው፣ ባዮሱን የለወጠ ሰው ካርዱ ያልሆነውን ነኝ እንዲል ሊያደርገው ይችላል። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 የወጣ፣ 768 የስሌት ክፍሎች ያሉት ካርድ ነው። በገበያ ላይ ግን እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣውን፣ 192 የስሌት ክፍሎች ብቻ ያሉትን ጂቲኤስ 450 የተባለ ካርድ ባዮሱን ለውጠው በዚህ ስም የሚሸጡ ሰዎች ተገኝተዋል። በዚህ ጊዜ የሚሆነውን ልብ ብሎ መመልከት ያስፈልጋል። ዊንዶውስ ካርዱን በስሙ ይጠራዋል፤ ድራይቨሩም ስሙን አምኖ ይጫናል፤ ከዚያ በኋላ በ2016ቱ ካርድ ቋንቋ መናገር ሲጀምር የ2010ሩ ቺፕ አንዲት ቃል አይገባውም። ውጤቱ ኮድ 43 ነው። ምስኪኑ ተማሪያችን ሦስት ጊዜ ያወረደው ድራይቨር ምንም እንከን አልነበረበትም፤ ችግሩ ካርዱ ሐሰተኛ መሆኑ ነው።

ይህን ለማወቅ ረጅም መንገድ መሄድ አያስፈልግም ነበር። «ጂፒዩ-ዚ» የሚባል በነፃ የሚገኝ ትንሽ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ እንዲህ ያሉትን የኤንቪዲያ ካርዶች ቺፑን መርምሮ ይለያል፤ ከካርዱ ስም ፊትም ሐሰተኛ መሆኑን የሚገልጽ ቃል ያስቀምጣል። ፕሮግራሙ የሚመዝነው ጥቂት ሜጋባይት ስለሆነ ከድራይቨሩ አስቀድሞ ቢወርድ ኪስ አይጎዳም። ያለ ፕሮግራምም ቢሆን ዐይን ብዙ ያያል። የ1050 ቲአይ ቺፕ ባለ አሥራ አምስት ቀዳዳውን አሮጌ የቪጂኤ ሞኒተር ገመድ በራሱ ማስተናገድ አይችልም፤ ስለዚህ በዚህ ስም የሚሸጥ ካርድ የቪጂኤ ሶኬት ካለው ከመግዛት በፊት ደግሞ ደጋግሞ መጠየቅ ነው።

ካርዱ እውነተኛ ሆኖ ዕድሜ የተጫነውም ይኖራል። አምራቾች ለአንድ ካርድ ለዘላለም ድራይቨር አያዘጋጁም። ኤንቪዲያ የካርዶቹን ትውልድ በሳይንስ ሰዎች ስም የመጥራት ልማድ አለው። ለፌርሚ ትውልድ አዳዲስ ድራይቨር ማውጣቱን እ.ኤ.አ. በ2018፣ ለኬፕለር ትውልድ በ2021 አቁሟል። 1050 ቲአይ የሚገኝበት የፓስካል ትውልድም ለጨዋታዎች የሚዘጋጀውን ድራይቨር ማግኘቱ በ2025 አብቅቶ፣ የደኅንነት ማስተካከያ ብቻ እንዲቀርብለት ተወስኗል። ኤኤምዲም እ.ኤ.አ. በ2012 ያስጀመረውን ኤችዲ 7000 የተባለ ተከታታይና ከዚያ በኋላ የመጡ ጥቂት ተከታታዮችን በ2021 ከዋናው ድራይቨር አውጥቷቸዋል። እንዲህ ላለ ካርድ የዛሬውን ድራይቨር አውርዶ መጫን የሚያስገኘው መልስ «ተስማሚ መሣሪያ አልተገኘም» የሚል ነው። በዚህ ጊዜ «አዲስ ሁልጊዜ ይሻላል» የሚለውን ሐሳብ ትቶ፣ በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ በካርዱ ስም ፈልጎ ለእሱ የወጣውን የመጨረሻ ድራይቨር መውሰድ ነው። «ድራይቨሮችህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አድስልሃለሁ» እያሉ የሚጋብዙ ፕሮግራሞችን መራቅ ይገባል፤ አንዳንዶቹ የማይስማማ ድራይቨር፣ አንዳንዶቹም ቫይረስ ይዘው ይመጣሉ።

ከሁሉ የረቀቀው ግን የቀድሞ ባለቤት በካርዱ ላይ ያደረገው ለውጥ ነው። አርኤክስ 480ና አርኤክስ 580 የተባሉት የኤኤምዲ ካርዶች ኤቴሪየም የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ ለማመንጨት በብዛት ይፈለጉ ነበር። ባለቤቶቹ ከካርዱ ተጨማሪ ምርት ለማግኘት በባዮሱ ውስጥ የሜሞሪውን የሥራ ፍጥነት የሚወስኑትን ቁጥሮች ይለውጡ ነበር። እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 2022 ኤቴሪየም አሠራሩን ለወጠና ካርዶቹን ሥራ አሳጣቸው፤ እነሱም ወደ ገበያ ወጡ። የኤኤምዲ ድራይቨር በዊንዶውስ ላይ ሲጫን የባዮሱን ፊርማ ስለሚመረምር፣ የተነካካ ሆኖ ካገኘው ካርዱን አላሠራም ይላል። እዚህም ላይ የሚታየው ኮድ 43 ሊሆን ይችላል፤ መፍትሔው ግን ከሐሰተኛው ካርድ ፍጹም የተለየ ነው። ከእነዚህ ካርዶች አንዳንዶቹ በጠርዛቸው ላይ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ የሚመስል ቁልፍ አላቸው፤ ሁለት ባዮስ ስለተቀረጸባቸው ቁልፉ አንዱን ወይም ሌላውን ይመርጣል። ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ፣ ገመዱን ነቅሎ ቁልፉን ወደ ሌላው ወገን መግፋት ብቻ ካርዱን ወደ ቀድሞ ጠባዩ የሚመልስበት ጊዜ አለ። ቁልፉ ከሌለ ወይም ሁለቱም ባዮሶች ተለውጠው ከሆነ ዋናውን ባዮስ እንደ ገና መቅረጽ ያስፈልጋል። ይህ ግን ለጀማሪ የሚመከር ሥራ አይደለም፤ ለሌላ ሜሞሪ ወይም ለሌላ አምራች የተዘጋጀ ባዮስ ቢቀረጽበት ወይም መብራት በመካከል ቢጠፋ ካርዱ ጭራሹን ሊሞት ይችላል። ሥራውን የሚችል ባለሙያ አሁን ያለውን ባዮስ ሳይገለብጥና ሳያስቀምጥ አይጀምርም።

ድራይቨሩ ራሱ የሚጠየቅበት ተራ የሚደርሰው ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ ነው። በዚህ ረገድ የተለመደው ጥፋት የቀድሞው ካርድ ድራይቨር ቅሪት ነው። ኮምፒዩተሩ ትናንት በሌላ ካርድ ይሠራ ከነበረ የዚያ ካርድ ፋይሎች በውስጡ ይቀራሉ፤ ሁለት አስተርጓሚዎችም በአንድ ጊዜ ሲናገሩ ማንም አይደማመጥም። ማጽጃው ቅደም ተከተሉን ከጠበቁለት ከባድ አይደለም። ትክክለኛው ድራይቨር አስቀድሞ ወርዶ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ኢንተርኔቱ ይቋረጣል፤ አለበለዚያ ዊንዶውስ የቆየውን ካራገፍን በኋላ እኛን ሳይጠይቅ የመሰለውን ድራይቨር አምጥቶ ሊጭን ይችላል። ኮምፒዩተሩ ሴፍ ሞድ በሚባለው ውሱን የአሠራር ሁኔታ ይነሣል፤ «ዲስፕሌይ ድራይቨር አንኢንስቶለር» በተባለው ነፃ ፕሮግራም የቀድሞው ድራይቨር ከነቅሪቱ ይራገፋል፤ ኮምፒዩተሩ እንደ ገና ተነሥቶ አዲሱ ይጫናል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ይገባል። ድራይቨሩንም፣ ገመዱንም፣ ማስገቢያውንም በአንድ ላይ የቀየረ ሰው ካርዱ ቢሠራለት እንኳ የትኛው እንዳዳነው አያውቅም፤ ነገ ሲበላሽበት ከዜሮ ይጀምራል።

ጥርጣሬው አሁንም ካልተፈታ የቀረው ካርዱን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ መሞከር ነው። ችግሩ ካርዱን ተከትሎ ከሄደ ጉድለቱ የካርዱ ነው ለማለት ይቻላል፤ ከቀረ ደግሞ ተጠያቂው የቀድሞው ኮምፒዩተር ነው። ይህ ዘዴ ገንዘብ አያስከፍልም፤ ጎረቤት ወይም የክፍል ጓደኛ ግን ይጠይቃል።

ወደ ተማሪያችን እንመለስ። አንድ ቀን ቀርቶታል፤ ሻጩን የሚያሳምነውም «አይሠራም» በሚል አንድ ቃል አይደለም። ሻጩ «እኔ ጋ ይሠራ ነበር፤ መጫኑን ሳትችልበት ቀርተህ ነው» ቢለው መልስ ያጣል። የብልሽት መግለጫ እንደ ማንኛውም ገላጭ ድርሰት ነው፤ የታየው ነገር ከተገመተው ተለይቶ፣ በተፈጸመበት ቅደም ተከተል መጻፍ አለበት። ተማሪው ካርዱን በጓደኛው ኮምፒዩተር ላይ ሞክሮ፣ በጂፒዩ-ዚም መርምሮ፣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ይዞት የሄደው ወረቀት እንዲህ የሚል ነበር፦

«ከእርስዎ የገዛሁት ካርድ ‹ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ 4 ጊጋባይት› የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል። ያለ ድራይቨር ሲሠራ ሥዕሉ ንጹሕ ነው። አምራቹ ለዚህ ካርድ ያወጣውን ድራይቨር ሦስት ጊዜ ብጭን ሦስቱንም ጊዜ ኮድ 43 አሳይቷል። በጓደኛዬ ኮምፒዩተር ላይ የታየውም ይኸው ነው። ጂፒዩ-ዚ የተባለው ፕሮግራም ውስጡ ያለው ቺፕ ጂኤፍ 106 መሆኑን ያሳያል፤ ይህም የጂቲኤስ 450 ቺፕ ነው። የስክሪኑን ፎቶግራፍ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። በካርዱ ላይ የቪጂኤ ሶኬት መኖሩን እርስዎም ሊመለከቱት ይችላሉ። የተስማማንበት ሦስተኛ ቀን ዛሬ ስለሆነ ካርዱን ተረክበው ገንዘቤን እንዲመልሱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»